ሦስት ባለቤት ያለው ቆርቆሮ

በደርግ ጊዜ ምን አለሽ ተራ ምድጃ ቀጥቃጭ ነበርኩ። ዛሬ ልጆች ያን ዘመን እንዴት አለፍከው ሲሉኝ ስለ ጉልበቴ እንዳወራላቸው ይፈልጋሉ። ጉልበትማ አህያም አላት። እኔ ያለፍኩት በሰው ነው።

ቀበሌው የግል ቀጥቃጭ ሁሉ ማኅበር ይግባ አለ። ቆርቆሮ የሚታደለው ለማኅበር አባል ብቻ ሆነ። ፎርም ሰጡኝ። ፊደል የቆጠርኩት ያው በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ሁሉንም አላነበብኩትም፤ «መሣሪያውን ለማኅበሩ ያስረክባል» የምትለዋን ግን አነበብኳት። ብረት የምቀጠቅጥበትን መስፌን ላስረክብ? አሥራ አንድ ዓመት ሰው ቤት ቀጥቅጬ የገዛሁትን? ፎርሙን አጥፌ መለስኩላቸው። ሊቀመንበሩ፣ ልጄ የሚሆን ሰው ነው፣ ቆርቆሮ ስታጣ ትመጣለህ አለኝ። ሥራ ያቆመ ሱቅ ለማኅበሩ እንደሚሰጥም ጨምሮ ነገረኝ።

አልሄድኩም።

ሶማሌ ተራ ዳቦ የሚያስጋግሩ ወሎዬ ሐጂ ነበሩ። መጋገሪያቸው ሲቀደድ የምጠግንላቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸውም ባዶ የዘይት ቆርቆሯቸውን ከኔ በቀር ለማንም አይሰጡም። የሚያደርስልኝ እህል በረንዳ ጤፍ የሚሸከም ኩሊ ነው፤ ሚስቱ የምታነደው ምድጃ የኔ እጅ ሥራ ነው። ውል የለ፣ ፊርማ የለ። ቆርቆሮ መግዛት ቢከለከልብኝም፣ ደንበኛ የራሱን ቆርቆሮ አምጥቶ ሥራልኝ ቢል የሚከለክል መመሪያ አልወጣም። ስለዚህ ሱቄ ውስጥ ያለው ቆርቆሮ ሁሉ ባለቤት ነበረው። ባለቤቱ በከሰል ምልክት ያደርግበታል፤ አንዱ መስቀል፣ አንዱ ጨረቃ፣ አንዱ የዶሮ እግር የመሰለ ነገር። በተራችን ድሮም እንዲሁ ነው።

አንድ ማክሰኞ ሊቀመንበሩ ሁለት የአብዮት ጥበቃ አስከትሎ መጣ። ጎረቤቱ ሥራውን ትቶ ተሰበሰበ። መጋገሪያ ሊያሠሩ የመጡት ሐጂም፣ ኩሊውም እዚያው ነበሩ። ሊቀመንበሩ ቆርቆሮውን አንድ በአንድ እያነሳ የማነው ይላል፤ እኔ ምልክቱን አይቼ ባለቤቱን እጠራለሁ። ጥግ ላይ ግን ምልክት የሌለው አንድ እስር ቆርቆሮ ነበር። ጠዋት ኩሊው ከሐጂ ቤት አምጥቶ ሲጥለው፣ ምልክት ሳላስደርግበት ቁርስ ልበላ ሄድኩ። ጥፋቱ የኔ ነው።

«ይሄስ?» አለ።

ሐጂን እንዳልጠራ፣ ምልክታቸው የለበትም፤ ሸጡልኝ ይባላል። የኔ ነው ካልኩ ደግሞ የኢኮኖሚ አሻጥረኛ ነኝ፤ ሱቁም ይታሸጋል፣ እኔም እታሰራለሁ።

ኩሊው ከኋላ «የኔ ነው ጓድ» አለ። ሐጂም እኩል «የኔ ነው» አሉ። ከማዶ ደግሞ ባዶ ጠርሙስና ጣሳ የምትሸጠው ሴትዮ «የኔ ነው» አለች። ከሷ ጋር ገዢ ፊት ጣሳሽ ዝጓል ስላልኳት ዓመት ሙሉ ተኳርፈናል።

ሦስቱ ተያዩ። አንዳቸው ብቻ ቢናገር ኖሮ ነገሩ በቀላሉ ባለፈ ነበር።

ሊቀመንበሩ ሳቀ። «አንድ እስር፣ ሦስት ባለቤት?»

ሐጂ ጺማቸውን ዳበስ አደረጉ። «በጋራ ነዋ ልጄ። በጋራ ሥሩ ስትሉን ሰምተን።»

ሰዉ ሳቁን ዋጠ፤ አንዱ ግን አምልጦት እንደ ሳል አደረገው። የሊቀመንበሩ ፊት ጠቆረ። የሦስቱንም ስም አስመዘገበና፣ በሳምንቱ ሦስት ምድጃ በየባለቤቱ እጅ ካላየሁ አራታችሁም ትጠየቃላችሁ ብሎ ሄደ።

ያን ሳምንት መዶሻዬን ያልሰማ መርካቶ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ሆን ብዬ አጩኼው ነበር። ሊቀመንበሩ በቀኑ መጣ፤ ሐጂ አንዱን፣ ኩሊው አንዱን ዓይኑ እያየ ተረከቡ። ሴትዮዋ ከማዶ ሆና የኔ ነው ያለችውን ሦስተኛውን ገለባብጦ ቢያየው እንከን አጣበት። እኔ ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም። አስቀምጦት ወጣ። ሱቁም መስፉም የኔ ሆነው ቀሩ።

ሴትዮዋ ምድጃዋን ልትወስድ ስትመጣ ልሸነፍ ብዬ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አልኳት።

«ለአንተ ብዬ መሰለህ?» አለች። «አንተ ከተነሳህ ቀጥሎ የኔ መደብ ነው።»

ምድጃዋን አንጠልጥላ ሄደች። ከዚያም በኋላ ሰላም አላለችኝም፤ እኔም አላልኳትም። የቀበሌ ሰው በተራችን ብቅ ባለ ቁጥር ግን እሷ መደቧ ፊት፣ እኔ በሬ ላይ ወጥተን እንቆም ነበር።