ውሃ የምታፈሰው ፒክአፕና ሁለቱ ምስክሮች

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ የሶማሊያ ጦርነት ተፋፍሞ በየቀበሌው ለግንባር ስንቅ ይሰበሰብ በነበረበት ወቅት። ስንት ዘመን አልፎታል። ዛሬም ግን ሰው ስለ ጓደኛው ታማኝነት ሲያወራ ስሰማ ያ ነገር ይመጣብኛል፤ ውስጤን ይመረኛል።

ያኔ ጊዮርጊስ አጠገብ ትንሽ የአናጺ ቤት ነበረችኝ። አልጋና ቁም ሣጥን እሠራለሁ። የሠራሁትን ለደንበኛ የማደርስበት መኪና ስፈልግ፣ ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ጨርቅ የሚነግዱ አቶ ሰይድ የሚባሉ የወሎ ሰው አሮጌ ፒክአፕ እንደሚሸጡ ሰማሁ። ሄጄ አየኋት፤ ነድቼ ሞከርኳት። ደህና ነበረች። ገዛኋት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከሥሯ ውሃ ማንጠባጠብ ጀመረች።

መርሻ ጋ ወሰድኳት። መርሻ መካኒክ ነው። አብረን ነው ያደግነው፤ የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ያነሳልኝም እሱ ነው። የራዲያተሩን ቱቦ ቀየረልኝ። አንድ ወር ያህል ዝም ብላ ከረመችና እንደገና ጀመረች። ራዲያተሩን ፈትቶ በየደው። አሁንም ጀመረች። ሦስተኛ ጊዜ የውሃ ፓምፑን ለወጠው።

«አሁንስ ድናለች፣ ሐረር ድረስ ንዳት!» ይለኛል።

ሐረር ቀርቶ እዚሁ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ደርሼ ስመለስ ውሃ ትጠይቀኝ ነበር። ጀሪካን ከጎኔ ሳላስቀምጥ ወጥቼ አላውቅም። ኮፈኗን ከፍቼ ዳር ላይ ቆሜ ያዩኝ የአራዳ ልጆች «ጋሼ፣ ዛሬም ጠማት?» እያሉ ይስቁብኛል።

አንድ ቀን ብሶብኝ አቶ ሰይድ ሱቅ ገባሁ። ሰው ሞልቷል።

«እያወቁ ነው የሸጡልኝ! በዚህ ዕድሜዎ ማጭበርበር አያሳፍርዎትም?» አልኳቸው።

አቶ ሰይድ ጨርቅ የሚለኩበትን ሜትር እንደያዙ አቀረቀሩ። አንድ ቃል አልመለሱልኝም። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሳገኛቸው ሰላም አልላቸውም ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት መሣሪያ የያዘ የቀበሌ ጠባቂ ወደ ሥራ ቤቴ መጣ።

«መኪናህ ትፈለጋለች። የቀበሌያችን ስንቅ ምኒልክ አደባባይ ለቆሙት የጭነት መኪናዎች መድረስ አለበት። ተነስ!»

ስንቁ ድልድዩ ታች ካለ መጋዘን ነበር። የቀበሌው ሴቶች ሳምንቱን ሙሉ ያዘጋጁት በሶና ዳቦ ቆሎ በጆንያ ተሞልቶ ተከምሯል። እኛ ስንጭን ውሃዋ ሲንጠባጠብ አየሁ።

«ወንድሜ፣ ይቺ መኪና ውሃ ትጨርሳለች። አንድ ጊዜ ልሙላላት» አልኩት።

«ጊዜ የለም። ንዳ!»

ነዳሁ። ከድልድዩ ወደ ፒያሳ የሚወስደውን ዳገት አጋምሰን የሙቀት መለኪያው ቀዩን አለፈ። ልቁም ስለው ጠባቂው እንቢ አለ። ትንሽ እንደሄድን ከኮፈኗ ሥር እንፋሎት ተነሳ፣ ሞተሩ ተንገጫግጮ ቀጥ አለ። ዳገቱ መሀል ቀረን። ጆንያዎቹን በሰው ሸክም አደባባዩ ላይ እስክናደርስ የጭነት መኪናዎቹ ሄደዋል። ከአካባቢው ቀበሌዎች ሁሉ ስንቁ ያልደረሰለት የእኛ ብቻ ሆነ።

የቀበሌው ሊቀመንበር በአለቆቹ ፊት ተዋርዷል፤ ስለዚህ ጥፋተኛ ያስፈልገው ነበር። «የግንባሩን ስንቅ ያሰናከለ አሻጥረኛ» ተባልኩና በቀበሌው ዕቃ ቤት ተቆለፈብኝ። አሻጥረኛ መባል በዚያን ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም። በዚያ ስም ከቤታቸው ተወስደው ያልተመለሱ ሰዎችን አውቃለሁ።

በሦስተኛው ቀን ሕዝቡ ለስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ ፊት አቆሙኝ። ጠባቂው ተጠየቀ፤ «ውሃ ልሙላ ብሎ አልነገረኝም» አለ። በእሱ አልፈረድኩም፤ ከእሱ የጠበቅሁት ነገር የለም። እኔ ተስፋ ያደረግሁት መርሻን ነበር።

«መኪናዋ ድሮም ታፈሳለች። መርሻን ጠይቁት፤ ሦስት ጊዜ ሠርቷታል» አልኩ።

መርሻን አስነሱት።

«ይቺ መኪና ውሃ ታፈስ ነበር?» አለው ሊቀመንበሩ።

መርሻ ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክራል። ወደ እኔ አላየም።

«ከእኔ እጅ ስትወጣ ምንም እንከን አልነበረባትም፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ታፈስ ነበር ወይስ አታፈስም?»

«አታፈስም» አለና ተቀመጠ።

ባለቤቴ ከሴቶቹ መሀል አፏን በነጠላዋ ስትይዝ አየሁ። የልጄ የክርስትና አባት ነው እኮ!

ያኔ ከአዳራሹ ኋላ አንድ ሰው እጁን አነሳ። አቶ ሰይድ ነበሩ። ሊሰድቡኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«መኪናዋን የሸጥኩለት እኔ ነኝ» አሉ። «ስሸጥለትም ታፈስ ነበር። ራዲያተሩ ውስጥ እንቁላል ሰብሬ ጨምሬ፣ ቀዳዳውን ለጊዜው ደፍኜ ነው የሰጠሁት። ሱቄ ድረስ መጥቶ ሲሰድበኝ ዝም ያልኩት እውነቱን ስለሆነ ነው። ይህ ሰው አሻጥር አልሠራም።»

ሊቀመንበሩ በዕድሜ ከአቶ ሰይድ ልጅ የማይበልጥ ወጣት ነው፤ ጠረጴዛውን መታ።

«እንግዲያው አሻጥረኛው አንተ ነሃ!»

«እንዳልከው ይሁን፣ ልጄ። እሱን ግን ልቀቁት» አሉ አቶ ሰይድ።

እኔን ለቀቁኝ። እሳቸውን እኔ በወጣሁበት ዕቃ ቤት ቆለፉባቸው።

መርሻ በማግሥቱ ቤቴ መጣ። «ምን ላድርግ? ታፈስ ነበር ብል ሥራውን ሆን ብሎ ያበላሸ ብለው እኔን ሊያስሩኝ ነው። ልጆች አሉኝ» አለኝ። «አቶ ሰይድም ልጆች አሏቸው» ብዬ በሩን ዘጋሁበት። እስኪሞት ድረስ ደግሜ አላናገርኩትም። ቀብሩ ላይም አልቆምኩም።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ። ሁሉም መርሻን ይረግማል። ቀጥሎ ያለውን ግን አላወራም።

አቶ ሰይድ ሦስት ሳምንት ታሰሩ። በሁለተኛው ቀን ባለቤቴ ሳህን ሸፍና ተነሳች። «ሰውየው በእኛ ምክንያት ነው የገቡት፤ ምግብ ላድርስላቸው» አለችኝ። ሳህኑን ከእጇ ተቀበልኩ። «አርፈሽ ተቀመጪ! ከእሳቸው ጋር ተመሳጥረዋል እንዲሉን ነው?» አልኳት። ምግቡን እዚያው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፤ ሲቀዘቅዝም አየሁት።

ከተፈቱ በኋላ እግራቸው እያነከሰ ሱቃቸውን ሲከፍቱ ከመንገዱ ማዶ አየኋቸው። ገብቼ ላመሰግናቸው ዛሬ፣ ነገ ስል ወራት አለፉ። በመጨረሻ ልቤን አጽንቼ ስሄድ ሱቁ ሌላ ሰው ይዞታል። «ጋሽ ሰይድ ጠቅልለው ደሴ ገብተዋል» አሉኝ። ሁለተኛ አላየኋቸውም። ፒክአፗም ያኔ ተጎትታ የገባችበት የቀበሌው ግቢ ውስጥ ዝጋ ቀረች፤ ስጡኝ ብዬ አልጠየቅሁም።

ባለቤቴ አሁንም አንዳንዴ «መርሻን ይቅር በለውና ይውጣልህ» ትለኛለች። መርሻ ያን ያህል ሰው ፊት፣ መሣሪያ ፊት ቆሞ ነው የፈራው። እኔ የፈራሁት ቤቴ ተቀምጬ፣ አንድ ሳህን ምግብ ለመላክ ነው።