እስከ መጨረሻው ፌርማታ የሚቆላ ካካዎ

ሰፈሩ ውስጥ «እማማ ፍሬን» ሲባል የማያውቃት የለም። ስሙ የወጣላት የከተማ አውቶቡስ ስትነዳ ነው፤ ፍሬን ስትይዝ ተሳፋሪው ሁሉ አንድ ላይ እጅ ይነሳ ነበር። ተሳፋሪ አስጎንብሳ ይሆናል እንጂ ሰው ገጭታ አታውቅም። ጡረታ ስትወጣ መሪው ከእጇ ተወሰደ፤ ባሏ ሲሞት የአልጋው ግማሽ ባዶ ቀረ። የቀራት ይቺ ጠባብ ወጥ ቤቷና የራሷ እሳት ናት። እሳቷንም ሊወስዱባት ነው።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ድስት ነው። ድስት አሳረረች። ድስት አሳርሮ የማያውቅ ካለ ይነሳና ይውቀሳት! ጭሱ በመስኮት ሲወጣ ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው ባልዲ ውሃ ይዞ ሮጠ፤ ወሬው ደግሞ ከባልዲው ቀድሞ ልጇ ዘንድ ደረሰ። ልጇና ምራቷ መከሩ፤ እሷን ማን ጠይቋት።

«እማዬ፣ እሁድ መጥቼ የጋዙን ሲሊንደር እወስደዋለሁ» አላት ልጇ በስልክ። «ምግብሽ ከእኛ ቤት በምሳ ዕቃ ይመጣልሻል። መርሳት ጀምረሻል።»

«ቆሜ እያለሁ?» አለችው። ስልኩን የዘጋችውም እሷ ናት።

በዚያው ሰሞን አብሯት ይሠራ የነበረው ትኬት ቆራጭ ሊጠይቃት መጣ። ሴት ልጁ ካካዎ ከሚበቅልበት አገር የላከችለትን ፍሬ በፌስታል ይዟል። «ቸኮሌት እንሠራለን ብለን ቆልተነው አረረብን» አለ። «ዓይንሽን ለአፍታ ካነሳሽ አለቀ። ይልቅ ለልጆች መጫወቻ ስጪው።» ለእማማ ፍሬን እንዲህ ብሎ መንገር እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው። ፌስታሉን ከእጁ ነጠቀችው።

የመጀመሪያው አልሆነላትም፤ ይህን እሷም አትክድም። የሳተችው መቁላቱን አይደለም። ተወቅጦ ወዙ የወጣውን ካካዎ ወፈረብኝ ብላ፣ እንደ ሾርባ ላቅጥነው ብላ፣ አንድ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጠብ ብታደርግበት ተኮራምቶ ጠጠር ሆነ። ውሃና ቸኮሌት እንደ ጣውንት ናቸው፤ አንድ ቤት አይኖሩም። አልጣለችውም። እየቆረጠመች «ቸኮሌት ነው! ያልቻለ ጥርሱን ያስመርምር» አለች፤ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው።

በሁለተኛው ዘዴ አገኘች። ሰዓቷ የአውቶቡስ መስመሯ ሆነ። እሳቱን ዝቅ ታደርግና መጥበሻው ፊት ቆማ፣ ማማሰያውን እያዞረች ከመነሻው ትነሳለች። «ዳቦ ቤት!» ትላለች የትኬት ቆራጩን ድምፅ አስመስላ፤ «ወራጅ አለ?» ታማስላለች። «ክሊኒክ! ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ!» ድልድዩ ጋ ስትደርስ ፍሬው ጠሽ ጠሽ እያለ ይሰነጣጠቃል፤ ያ የኮመጠጠ ሽታውም ይለቀዋል። መጨረሻው ፌርማታ ላይ እሳቱን ታጠፋለች። ልጣጩ በጣት ሲነኩት ይላቀቃል። በትሪ ታንገዋልላለች፣ በሙቀጫ ትወቅጣለች፣ አንዱ ክንዷ እምቢ ሲላት በሌላው ትወቅጣለች፤ ስኳሩን የምትጨምረው ከዚያ በኋላ ነው። «አንድ ፌርማታ እንኳ ሳልረሳ!» ትላለች። ልጇ ባይሰማትም ትነግረዋለች።

እሁድ ልጇ መፍቻ ይዞ መጣ። እናቱ መጥበሻው ፊት ቆማለች።

«እማዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ቸኮሌት።»

«ቸኮሌት እኮ ሱቅ ሞልቷል!»

«እናትም ሱቅ ካለች ግዛና እኔን ተወኝ።»

መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ስለ እሳት አደጋ ያስረዳት ጀመር። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይሄ ነው። እስኪጨርስ ሰማችውና ማማሰያውን አስጨበጠችው። «ይሄን ቆልተህ ጨርስልኝና ሲሊንደሩን ውሰድ፤ ቃሌ ነው። ብቻ ዓይንህን እንዳታነሳ።» ይሄማ ምን ያቅተዋል! እሷም ፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

ብዙም ሳይቆላ ስልኩ ጮኸ። የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ነው። «አቤት ጌታዬ… ይደርሳል ጌታዬ…» እያለ ወደ መስኮቱ ዞረ። ማማሰያው መጥበሻው ውስጥ እንደተገተረ ቀረ። እናቱ አየች፤ ከበርጩማዋ ግን አልተነሳችም። ፍሬው አንጀቷን በልቷታል፤ ግን አንዳንድ ትምህርት ካልጨሰ አይገባም። ልጇ ከስልኩ የነቃው ልብስ ሰፊው ባልዲውን ይዞ በሩ ላይ ሲደርስ ነው።

«እማማ፣ ደግሞ አሳረሩ?»

«እኔን ምን አርግ ትላለህ? ልጄን ጠይቀው።»

ልጇ የጠቆረውን መጥበሻ ይዞ ቆመ። «ስልክ ተደውሎልኝ እኮ ነው» አለ።

«እኔም እኮ ስልክ ተደውሎልኝ ነው!» ድምፅዋ ቁጣም ነበረበት፣ ናፍቆትም። «ያን ቀን ድስቱ ለምን አረረ ብለህ ጠይቀኸኛል? ከስንት ጊዜ በኋላ አንተ ደውለህ ነበር። ድምፅህን ስሰማ እንኳን ድስቱ ቤቱ ቢነድም አላይም ነበር። ‹መርሳት ጀምረሻል› ትለኛለህ? የረሳው ማን ነው?»

ልጇን እንባ እንባ አለው፤ ጭሱ ነው እንዳይል መስኮቱ ተከፍቷል።

«አሁን ንገረኝ» አለችው። «ያንተን ሲሊንደር መቼ መጥቼ ልውሰድ?»

ልብስ ሰፊው ሳቁ አምልጦት የባልዲውን ውሃ እግሩ ላይ ደፋው። ልጇ መፍቻውን ከጠረጴዛው አንስቶ ኪሱ ከተተ። ስልኩን አጠፋ። መጥበሻውን ፈግፍጎ አጠበ፣ አደረቀ፣ እሳቱ ላይ መለሰው። እሷም ፌስታሉ ውስጥ የቀረችውን ፍሬ ገለበጠችና ማማሰያውን መልሳ ሰጠችው።

«ዳቦ ቤት!» አለች አጠገቡ ቆማ። «ወራጅ አለ?»

«የለም» አለ ልጇ፣ ዓይኑን ሳያነሳ።