እንደ ሥጋው ቁጠርልኝ

ዋደራ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን የተሳፈርንበት አባዱላ የኋላ ጎማው ተነፈሰ። ሾፌራችን ፋዲል መኪናውን እያስነከሰ መንደሩ ጫፍ ካለ ጎሚስታ ቤት አደረሰን። ጎሚስታው ግን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ በሩን ሊቆልፍ ቆሟል።

«አካም አምሀ! ለማን ነው እንዲህ ያማረብህ?» አለው ፋዲል።

«ናጋ፣ ናጋ። ለሠርግ ነው፤ ነገሌ። አንተኑ ስጠብቅ ነበር። ጎማ ተሸክመህ ትመጣለህ ብዬ ግን አላሰብኩም።»

ሸሚዙን አውልቆ ምስማር ላይ ሰቀለና ጎማውን ፈታ። ውኃ ውስጥ ነክሮ የሚተነፍስበትን ፈልጎ ለጠፈው፤ እጁን በሳሙና ታጥቦ ሸሚዙን መልሶ ለበሰና እኔ አጠገብ ተቀመጠ።

ጥቂት እንደተጓዝን ፋዲል ጉንጩን እንደወጠረ አንድ እስር ጫት ወደ ኋላ ዘረጋ። «እንካ አምሀ። ባዶ ጉንጭ ይዞ ሠርግ መሄድ ነውር ነው።»

«የኔን ድርሻ አንተው ቃምልኝ።»

«የሁለት ሰው ስቅም ጥርሴ ሊያልቅ ነው!»

ተሳፋሪው ሳቀ። አምሀም ሳቀ፤ ግን ወዲያው ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ መስኮቱን ብከፍተው አቧራው ይረብሽዎታል?» አለኝ።

«ኧረ ክፈተው። ሞቆህ ነው?»

«ሽታው ነው። ከተውኩ አራት ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ሽታው ግን አሁንም በስሜ ይጠራኛል።»

እኔ ወሬ ከጀመረልኝ ሰው ጋር መንገድ አይረዝምብኝም። ስለ ሠርጉ ብጠይቀው ከሥሩ ጀመረልኝ።

ነገሌ ተወልዶ ነገሌ ነው ያደገው። አባቱ ኃይለማርያም ከሰሜን በሥራ ተመድበው የመጡ መምህር፣ እናቱ የሺ የማኅበር ጠላ በመጥመቅ ስም ያላቸው ሴት ነበሩ። በአጥር የሚዋሰኗቸው ሙስሊም ጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው። የእነሱ ልጅ ሰማታር የአምሀ እኩያ ነው፤ አንድ ኳስ አባረው፣ አንድ ክፍል ተምረው አደጉ። ዛሬ የምትዳረው ፈርሃና የሰማታር የበኩር ልጅ ናት። እሷ በተወለደች ጊዜ መሱዳን፣ የሰማታርን ሚስት፣ ሆስፒታል በመኪናው ያደረሳት አምሀ ነበር።

ያን ጊዜ አይሱዙ ይነዳል። ከክብረ መንግሥትና ከሻኪሶ ጭኖ ሞያሌ ያራግፋል። እንቅልፍን ለማባረር ብሎ ቃም ቃም ማድረግ ጀመረ። በኋላ የሚተኛበት ሰዓት ሲደርስ እንቅልፉ አልመጣ አለ፤ ምርቃናውን ለመስበር መለኪያ አረቄ ጨመረ። ጨብሲ የሚሉት ይህንኑ ነው። «መጀመሪያ ላይ ዘዴ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር» አለኝ። «በአንዱ እነቃለሁ፣ በአንዱ እተኛለሁ። እንደ ማርሽ ቆጠርኩት።»

ማርሹ ዱብሉቅ አጠገብ አልታዘዝ አለው። ጠዋት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከውኃ የሚመለሱ ከብቶች መንገድ ሲያቋርጡ እያያቸው ፍሬን ለመያዝ ዘገየ። ሦስት ላሞች ገደለ። ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ከባለከብቶቹ ጋር አስታረቁት፤ ባለመኪናው ግን አሰናበተው።

«ከዚያ ሊያድኑኝ የሚፈልጉ ሰዎች በዙ» አለ። «ችግሩ የመጣው ከዚያ ነው።»

«ማዳን እንዴት ችግር ይሆናል?»

«ግማሽ ግማሼን ስለያዙኝ ነዋ።»

እናቱ ዓይናቸው ጫቱ ላይ ነበር። በእነሱ ቤት ጫት ነውር ነው፤ ጠላና አረቄ ግን የበዓል ነው። ፀበል ወሰዱት፣ ሰነበተ፣ ጫቱን ተወ። ቤተሰቡ እልል አለ። እሱ ግን በየማኅበሩ፣ በየዝክሩ ከጠላው አልፎ አረቄውን ያንቆረቁር ጀመር። ማንም ልብ አላለውም፤ መጠጣቱን እንደ ጨዋታ አዋቂነት ያዩለት ነበር። ልብ ያሉት ጠዋት ጠዋት እጁ እየተንቀጠቀጠ ሻይ መያዝ ሲያቅተው ነው።

ይሄኔ ሰማታር መጣ። የሱ ዓይን ደግሞ መጠጡ ላይ ነው። «መጠጥ ሊገድልህ ነው፤ ከእኔ ጋር ዋል። በእኔ ቤት ጠብታ የለም» አለው። እውነቱን ነው። ምሳ ተበልቶ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ጫት ተዘርግቶ በርጫው ይጀመራል፤ ጨዋታው፣ ምክሩ፣ ቀልዱ እስከ አመሻሽ ድረስ ነው። አምሀም «ደህና አምሹ» ብሎ ይወጣና በጓሮ በኩል ወደ አረቄ ቤት ይታጠፋል። ሰማታር ወንድሙን አድኛለሁ ብሎ ደስ እያለው ይተኛል።

«እናቴ ሰማታርን በጫቱ ትረግማለች፤ ሰማታር እኛን ክርስቲያኖችን በአረቄው ይረግማል። እኔ መሀል ቤት ሁለቱንም እሺ እላለሁ» አለና ሳቀ።

በመጨረሻ እጁን እየጎተተች ሆስፒታል የወሰደችው ሚስቱ እሙሽ ናት። ዲቦራ የምትባል ነርስ አገኙ። አምሀ የሚሰደብ መስሎት አንገቱን ደፍቶ ገባ። እሷ ግን ስለ ጫትም ስለ አረቄም አልጠየቀችውም።

«ትናንትን ንገረኝ» አለችው። «ከእንቅልፍህ ከነቃህ ጀምረህ።»

ነገራት። አረቄ ቤት ሲደርስ አስቆመችው። «መጠጡ መቼ አማረህ?»

«ሲመሽ ነዋ።»

«ጫት ባልቃምክበት ቀንስ ሲመሽ እንዲህ ያምርሃል?»

እያሰበ መለሰላት። ባልቃመበት ቀን ጠዋትም ያምረዋል፤ በቃመበት ቀን ግን የማታው ጥም የሚነሣው ከሰዓት፣ በሰማታር ምንጣፍ ላይ ነው። «አንዱን ብቻ የተውኩ ቀን ሌላው ቦታውን ይዞ ይጠብቀዋል። ይህን ከዚያ በፊት አንድም ቀን አስቤው አላውቅም፤ ራሴ ስናገረው ሰማሁት» አለኝ። የለመደ ሰው መጠጥን ባንዴ ሲያቆም ሊያንፈራግጠው፣ ለሕይወቱም ሊያሰጋው ይችላል ብላ ዲቦራ ቤቱ አልሰደደችውም፤ ሐኪሙ እያየው መድኃኒት እየተሰጠው እዚያው ተኛ። የሌሊቱ ቅዠት፣ ዱካኩ፣ ሲለቀው ወጣ።

ሲወጣ ያወጣው ደንብ ከሰዓትን የሚመለከት ነበር። ጫት የሚቀመው ምሳ ተበልቶ ነውና ምሳውን አዘገየ፤ ሌላው ሲቅም እሱ ይበላል። ከሰማታር ጎረቤትነት ርቆ ዋደራ ገባ። ጎሚስታነትን የመረጠው መኪኖቹ ከሰዓት በኋላ ስለሚበዙ፣ እጁ ውኃና ማስቲሽ ውስጥ ስለሚውል ነው። ኦብሴ የሚባሉ፣ እሳቸውም ጠጥተው የተዉ የጉጂ ሽማግሌ አሉ። በሐራራው ሰዓት መጥተው በሩ ላይ ተቀምጠው ጎማ ሲለጥፍ ስህተት ይፈልጉለታል። «ስንጨቃጨቅ ሰዓቱ ያልፋል» አለኝ።

«ወድቀህ አታውቅም?»

«እናቴ የሞተች ጊዜ ለቀስተኛው መሀል ጠጣሁ። ድሮ ቢሆን ደብቄው እቀጥል ነበር። በነጋታው ለእሙሽ ነገርኳትና ሁለታችን ዲቦራ ጋ ሄድን። ‹የት ላይ ሆነህ ጠጣህ?› አለችኝ፤ እንደገና ያችኑ ቀን ተረክን።»

ያልተረከው አንድ ነገር ቀርቶታል፤ ሰማታር። ወደ ዋደራ ሲሄድ ለጓደኛው ምክንያቱን አልነገረውም፤ ዝም ብሎ ጠፋ። ሰማታርም «ጫቴን የናቀ እኔን የናቀ ነው» ብሎ ለሰው ተናገረ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። አሁን ፈርሃና ራሷ ደውላ «አባባ አምሀ ካልመጡ እኔም ከቤት አልወጣም» አለችው።

«ሄጄ ከተቀመጥኩ አበቃልኝ፤ ራሴን አውቀዋለሁ» አለኝ። «ሄጄ ከምንጣፉ ከተነሣሁ ደግሞ በልጁ ሠርግ ሰው ፊት አዋረድኩት። ካልሄድኩም እስከ ወዲያኛው ተቆራረጥን።»

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ከዋደራ ጀምሮ እሱን እያሰብኩ ነው የማወራዎት።»

ነገሌ ስንገባ ቀትር ሆኖ ነበር። «ብቻዬን ከበሩ እንዳልመለስ» ብሎ አብሬው እንድሄድ ለመነኝ። እኔም ሠርግ እምቢ አላልኩም።

ሰማታር ነጭ ቆብ ደፍቶ ድንኳኑ አፍ ላይ እንግዳ ይቀበላል። አምሀን ሲያይ እጁን ወገቡ ላይ አደረገ።

«አንተ! ሞተ አሉኝ እኮ።»

«አልሞትኩም፤ ዋደራ ነኝ።»

«ከዚያስ መሞት ይሻል ነበር።»

ተቃቀፉ፤ ሰማታር ግን ቶሎ ለቀቀው። «ዛሬስ ትቀመጣለህ? ወይስ ምንጣፌ ዛሬም ይቆረቁርሃል?»

በዙሪያው ያሉት ወደ አምሀ ዞሩ። አምሀ በጓሮ በኩል ወዳለው ዳስ በአገጩ አመለከተ። እዚያ የክርስቲያን እንግዶች ፍየል በክርስቲያን እጅ ታርዶ ለብቻው ይሠራ ነበር፤ በዚህ አገር ሠርግ ሁሌም እንዲሁ ነው።

«ሰማታር፣ ከልጅነታችን ጀምሮ አንተ ያረድከውን በልቼ አውቃለሁ?»

«አታውቅም።»

«አንተስ የእናቴን ዶሮ ቀምሰህ ታውቃለህ?»

«አስተግፊሩላህ! ምን ነካህ?»

«ናቀኝ ብለህስ ታውቃለህ?»

«ያማ ሃይማኖትህ ነው።»

«ጫቱንም እንደ ሥጋው ቁጠርልኝ። ካንተ ቤት ወጥቼ የምሄደው አረቄ ቤት ነበር። በየቀኑ። ያን ጊዜ ልነግርህ አፈርኩ።»

ሰማታር ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«እና እኔ... ወላሂ እኔ ዳነ ብዬ...» ቃሉን ሳይጨርስ ወደ ጓሮ ጮኸ፤ «መሱዳ! ለአምሀ ምሳውን አቅርቢለት!» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «በስንት ሰዓት ነው መሄድ ያለብህ?»

«ቅጠሉ ሳይዘረጋ።»

በላን። ፈርሃና መጥታ ጉልበቱን ሳመች፤ መረቃት። ሽማግሌዎቹ ትራስ ማስተካከል ሲጀምሩ ሰማታር ራሱ ብድግ ብሎ ሰው ሁሉ እንዲሰማ «አምሀ፣ አክስቴ ከክብረ መንግሥት እየመጣች ነው፤ መናኸሪያ ሂድና ባጃጅ ያዝላት። ከዚያ ወደ ዋደራህ፤ ሥራ አለብህ አይደል?» አለው። ማንም ቀና ብሎ አላየም።

አብረን እስከ መናኸሪያ ተጓዝን። አሮጊቷን ባጃጅ ላይ አሳፈረና ከፋዲል መኪና አጠገብ ቆምን። እጁን ጨበጥኩና እንደ ወጉ «እንግዲህ በርታ» አልኩት።

«በርታ አይበሉኝ ጋሼ» አለ። «የበረታሁ ሲመስለኝ ነው ምንጣፉ ላይ የምቀመጠው። ሂድ በሉኝ።»