የገናው በግ ቆዳ

ቀድሞ አዳማ ውስጥ በገና ቀን በጉ ተገፎ ሳያልቅ «ቆዳ ያለው!» የሚል ጩኸት ከአጥር ውጭ ይሰማ ነበር። አሁን ፈላጊው ጠፍቷል። በበዓሉ ማግስት በየቦዩ የተጣለው ቆዳ በእኛ ከተማ ሙቀት ምን እንደሚሸት የኖረበት ያውቀዋል። እኔ ይህን ነውር እለዋለሁ። ሰው ሥጋውን በልቶ ቆዳውን ለጎረቤት አፍንጫ መተው የለበትም።

ባለፈው ገና ልጄ ከባሏ ጋር እኔ ቤት ዋለች። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ተቃርባ ነበር። አማቼ በጉን ገፎ ቆዳውን በማዳበሪያ ከቶ ወደ በር ሲያመራ አስቆምኩት።

«አጎዛ ይሆናል፤ ለሚወለደው ልጅ» አልኩ።

ልጄ ሳቀች። «አባባ፣ ገና ሳይወለድ በግ ሊያደርጉት ነው? አልጋ ገዝተንለታል እኮ!»

«አልጋ ፀሐይ ላይ አይወጣም። አንቺንስ እናትሽ ቅቤ ቀብታ የጠዋት ፀሐይ ያሞቀችሽ አጎዛ ላይ አይደለም? ምን ጎደለብሽ?»

«የሚሸት ነገር ላይ ልጄን አላስተኛም። ካልሸተተና ከለሰለሰ ግን እወስደዋለሁ።»

ቃሏን ያዝኩ። ቆዳውን በጨው አሽቼ ከግቢዬ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር በችካል ወጠርኩት። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ፀጥ ብሏል። እኛ ልጆቻችንን ካሳደግንበት ነገር አንዱ እንኳ ለልጅ ልጄ እንዲደርስ አጥብቄ ፈለግሁ።

ሲደርቅ ፈታሁት። በጣቴ ብመታው እንደ ቆርቆሮ ጮኸ። ባጥፈው እምቢ አለ።

ዕድሜዬን ሙሉ በአጎዛ ሥራዬ ስኩራራ ኖሬያለሁ። ማንበብን ያለ አስተማሪ እንደተማርኩት ይህንንም በራሴ የቻልኩት ይመስለኝ ነበር። ለካ የማውቀው ጨው ማድረጉንና መወጠሩን ብቻ ኖሯል። ችካሉን ነቅዬ ቆዳውን ለባለቤቴ እሰጥና ወደ ሥራዬ እሄድ ነበር፤ ከቀናት በኋላ ለስልሶ መደቡ ላይ ተነጥፎ አገኘው ነበር። በመካከል ምን እንደምታደርግ አንድም ቀን አልጠየቅኳትም።

ልጄን መጠየቅ ከበደኝ፤ ግን ጠየቅኋት።

«ተልባ ፈጭታ በአጓት ለውሳ ትቀባው ነበር» አለች። «ከዚያ ጠቅልላ ታሳድረዋለች። በማግስቱ እኔና ወንድሞቼ እንረግጠዋለን፤ እሷ እያጨበጨበች ትዘፍንልናለች። የጨፈርንበት ጊዜ ነበር እኮ፣ አባባ። እርስዎ ሥራ ላይ ነበሩ።»

በቤቴ ይህን ያህል ጭፈራ እንደነበረ አላውቅም ነበር። ልጆቼ ፊቴን ሲያዩ ዝም ይሉ ስለነበር ዝምተኞች ናቸው እል ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ መጡ። እንደነገረችን ተልባውንና አጓቱን ቀብተን፣ ጠቅልለን አሳደርነው። በማግስቱ አማቼ ሱሪውን ጠቅልሎ ወጣበት። እኔም ግድግዳውን ተደግፌ አብሬው ረገጥኩ። ልጄ ሽታው በማይደርስባት በኩል ወንበር ይዛ ትእዛዝ ትሰጠን ነበር።

«ተረከዝዎን፣ አባባ! በጣት አይሆንም!»

«ጋሼ፣ ከእኔ ይሻላሉ» አለ አማቼ እያለከለከ።

«ዝም ብለህ ርገጥ» አልኩት።

ደክሞን ስንቆም ልጄ ቀስ ብላ ተነሣች። ሆዷን በአንድ እጇ ይዛ ጎንበስ አለችና ቆዳውን ዳሰሰችው፤ አሸተተችውም።

«ሆዱ ጋ ለስልሷል። አንገቱ ግን ገና ነው። ሽታውም ጨርሶ አልለቀቀውም» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «እስክወልድ ይደርሳል?»

«ይደርሳል» አልኩና አንገቱ ላይ ወጣሁ።