በአፍንጫ የተሠራ አይብ

አሰላ ውስጥ በራሱ ላይ የሚስቅ ሰው ይጠራ ቢባል የውብዳርን የሚቀድማት አልነበረም። ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጇም በብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን የሄደባት ሴት ናት። ታዲያ ማኅበር ላይ ጨዋታው ቀዝቀዝ ሲል «ኧረ የኔን አይብ ጉድ ልንገራችሁ» ትልና ትጀምራለች።

ሦስት እናት ፍየሎችና አንድ ወጠጤ ነበሯት። ወጠጤው ጢማም፣ ግርማ ሞገስ ያለው ስለነበር ስሙን ፊታውራሪ አለችው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሰማና «እትዬ የውብዳር፣ የፊውዳል ማዕረግ እኮ ቀርቷል» ቢላት «እንግዲያስ ጓድ ልበለው?» አለችው። ሊቀ መንበሩ ግራ ቀኙን አየና «ይቅር፣ ፊታውራሪው ይሻላል» ብሎ ሄደ።

ያን ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ልጇ አሰግድ ለፋሲካ ፈቃድ እንደሚያገኝ በሰው ላከባት። ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል። አሰግድ ከልጅነቱ የፍየል አይብ ነፍሱ ነው፤ የላሙን ዞር ብሎም አያየው። የውብዳር ሌላ የምትሰጠው ምን አላት? ቤቱ ገብቶ አንድ ቀን እንኳ የሚወደውን እንዲበላላት ፈለገች፤ ከዚያ በኋላ መቼ እንደምታገኘው ማን ያውቃል።

ለወተቱ ያደረገችው ጥንቃቄ አይጣል ነው። የፍየሎቹን ጡት ለብ ባለ ውሃ ታጥባለች፣ ማለቢያውን በወይራ ታጥናለች፣ ወተት የሚያመርር ቅጠል እንዳይበሉም ከአጥር ታባርራቸዋለች። አንዱን ብቻ ረሳችው። የአሰላ ብርድ ክፉ ነው ብላ ፊታውራሪን ከእናት ፍየሎቹ ጋር አልጋዋ አጠገብ ታሳድረው ነበር። ሲነጋ ደግሞ የሱን አንገት ሳታክ ማለብ አትጀምርም፤ ካከከችው በኋላ እጇን አትታጠብም። የታጠበው የፍየሎቹ ጡት ነዋ!

የመጀመሪያውን እርጎ በለስላሳ እሳት አሙቃ፣ አጓቱን አጥልላ አይብ ስታወጣ ጾም ነበርና መቅመስ አልቻለችም። በአፍንጫዋ ፈረደች፤ ደህና ነው አለች። «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች ይባላል» ትላለች ማኅበርተኞቹን፤ «ከወጠጤ ጋር ያደረች የውብዳርስ ምን ይሸታታል?»

ያም ሆኖ ልቧ አልቆርጥ ሲላት ጎረቤቷን ኢፍቱን ጠራቻት። ኢፍቱ እስላም ናትና ሁዳዴ አይከለክላትም። ቆንጠር አድርጋ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች።

«ያ የውብዳር፣ ኮርቤሳው ገብቶበታል» አለቻት ኦሮምኛ ቀላቅላ። «ወጠጤውን አርቀሽ እሰሪው። ወተት ሽታ ይስባል።»

የውብዳር አኮረፈች። የኢፍቱ ወጠጤ ኮሳሳ ስለነበር «በፊታውራሪ ቀንታብኝ ነው» አለች በሆዷ። መላ ነው ብላ የወይራውን ጭስ አበዛችው።

አሰግድ ቅዳሜ ደረሰ፤ ከስቷል፣ ጠቁሯል። በማግስቱ ጾሙ ተፈታና አይቡን በሳህን ሙሉ አቀረበችለት። ጎረሰ። ትንሽ ቆይቶ ዋጠ። ሳህኑን ጨረሰና «እማዬ፣ ሌላ አለ?» አላት። የውብዳር ኩራት ተሰማትና እሷም ጎረሰች።

ፊታውራሪ ከነጢሙ አፏ ውስጥ ገባ።

«ውይ በሞትኩት! ይህን ነው የበላኸው? ምነው ዝም አልክ?»

«እዚያ ሆኜ ይህን ቤት ሳስብ የሚሸተኝ ይኸው ነው» አላት። «አምጪው፣ እማዬ።»

አመጣችለት። እሱ ሲበላ እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሳቀች፤ ስትስቅም እንባዋ መጣ።

አሰግድ ወደ ጦሩ ሲመለስ ፊታውራሪን ከግቢው ጥግ ለብቻው አሰረችው፤ ኢፍቱንም ይቅርታ ጠየቀች። የሚቀጥለው ዓመት አይብ ነጭና ለስላሳ ወጣላት፤ ኢፍቱ ጣቷን እስክትልስ በላችለት። ማኅበር ላይ የውብዳር ወሬዋን እዚህ ታቆማለች፤ ሰውም ስቆ ስቆ ወደ ጠላው ይመለሳል።

በዚያ በሚቀጥለው ዓመት ፋሲካ ግን አሰግድ አልመጣም። አብረውት የዘመቱት የጎረቤቷ ከተማ የሳጉሬ ልጆችም አልመጡም። በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ ኢፍቱ ብቅ ስትል የውብዳር ፊታውራሪን ከጥጉ ፈትታ ወደ ቤት ስትጎትት አገኘቻት።

«ምን ነካሽ? አይቡ ይበላሻል እኮ!»

«ይበላሽ» አለች የውብዳር። «አሰግድ ሲመጣ ቤቱን በምን ያውቀዋል?»

ኢፍቱ ገመዱን ተቀበለቻትና ወጠጤውን ወደ ውስጥ አስገባችላት።