የአባባ ሀንዲሶ ቃል በአራት መስመር

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ፣ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት የእግረኛ መንገዱን የሚቆፍሩ ሠራተኞች መንገድ ዘጉብኝ። አዲስ ፋይበር ሊቀብሩ ነው። አንዱ ወጣት ከጉድጓዱ ውስጥ አውራ ጣት የሚያህል አሮጌ የመዳብ ኬብል ጎትቶ አወጣና፣ «ይሄ ደግሞ ምን ያደርግ ነበር?» ብሎ ጓደኛውን ጠየቀው። ጓደኛው «እኔ ምን አውቄ» አለና ቆርጦ ዳር ጣለው። እኔ ዘንቢሌን መሬት አስቀምጬ ቆምኩ። አላፊ አግዳሚው ይገፋኛል፤ እግሬ ግን እምቢ አለኝ። ያ ኬብል ምን ያደርግ እንደነበር እዚያ ከቆምነው ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ያኔ ከኮሌጅ ከወጣሁ ገና ብዙ አልቆየሁም። ሥራዬ የሆሳዕናንና የዙሪያዋን መሥሪያ ቤቶች ኔትወርክ መዘርጋትና ሲበላሽ መጠገን ነበር። ዛሬ ፎንቆ፣ ነገ ሀደሮ። በክረምት መኪናውን ጭቃ ሲይዘው ወርደን እንገፋለን፤ ስንደርስ ተበላሸ የተባለው ነገር ሶኬቱ የተነቀለ ኮምፒውተር ሆኖ እናገኘዋለን። አለቃዬ አቶ ደግፌ ይባላሉ። ቤተሰቦቻቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ሆሳዕና ላይ የጨርቅ ሱቅ የከፈቱ ናቸው፤ እርሳቸው ግን ከልጅነታቸው ከጨርቁ ይልቅ ሽቦ የወደዱ ሰው። ቁጡ ነበሩ፤ ሆኖም የማያውቁትን አውቃለሁ አይሉም።

በዚያ ዓመት ሐዋሳ ያለው የይግባኝ ችሎት እኛ ዘንድ ያሉ ባለጉዳዮችን በስክሪን መስማት ጀምሮ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ገበሬው ከጎምቦራ ሐዋሳ ድረስ እንዳይንገላታ። ችግሩ ከሆሳዕና የሚወጣው አንድ መስመር ምስልና ድምፅ አብሮ መሸከም አቃተው። ዳኛው አፋቸውን እንደከፈቱ ይደርቃሉ፤ ድምፃቸው ቆይቶ ይመጣል። አቶ ደግፌ ያገኙት መፍትሔ መስመሮችን ማጣመር ነበር። ራውተሩ ላይ ፖርት አዳፕተር የሚሉትን፣ ብዙ መስመር በአንዴ የሚቀበል ካርድ ሰካን። አራት መስመር ጎትተን እዚያ ላይ አገናኘንና ማሽኑ አራቱን እንደ አንድ ሰፊ መንገድ እንዲያያቸው አደረግን። ከዚህ የሚሄደው ድምፅና ምስል በትንንሹ ይቆራረጥና በአራቱ ይከፋፈላል፤ ሐዋሳ ሲደርስ በተራው ተሰድሮ አንድ ይሆናል። ሲሠራ ደስ ይላል። ዳኛው መነጽራቸውን ሲወለውሉ ሳይቀር ይታይ ነበር። አንድ ድካም ግን ነበረው፤ ከአራቱ አንዱ ከዘገየ ሌሎቹ ቆመው ይጠብቁታል። ጨርሶ ካልመጣም የጎደለው ጎድሎ ይቀጥላል።

የማርቆስ ጉዳይ የመጣው በዚህ መሀል ነው።

ማርቆስ የሀቢቾ ገበሬ ነው። የጎረቤቱን የአባባ ሀንዲሶን ቤት አቃጥለሃል ተብሎ ተፈርዶበት ማረሚያ ቤት ገብቷል። ሁለቱ በድንበር ተጣልተው እንደማይነጋገሩ አገር ያውቃል። ቤቱ ሲነድ ደግሞ ማርቆስ ከግቢው ሲወጣ ታይቷል። እርሱ ላድን ነው የገባሁት ቢልም ያመነው አልነበረም። አባባ ሀንዲሶ ያን ጊዜ አልተሰሙም፤ ከቃጠሎው ሲሸሹ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝተዋል። ሲሻላቸው ግን «ለዳኛ የምናገረው አለኝ» ብለው ላኩ፤ የይግባኙ ችሎትም ይሰሙ አለ። ሐዋሳ መሄድ አይችሉም፤ አማርኛም አይናገሩም። ስለዚህ ሆሳዕና ላይ ሆነው በአስተርጓሚ፣ በስክሪን እንዲሰሙ ተቀጠረ። ቀጠሮው ፍርድ ቤት ለክረምት ዕረፍት ከመዘጋቱ በፊት የመጨረሻው ነበር። በዚያ ዕድሜና በዚያ ሕመም አዛውንቱ እስኪከፈት ለመቆየታቸው እርግጠኛ የሆነ ሰው አልነበረም።

ያን ቀን ከቤታቸው መኪና እስከሚገባበት መንገድ በቃሬዛ፣ ከዚያ በመኪና መጡ። ከነብርድ ልብሳቸው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። የማርቆስ ሚስት በየነች በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ይዛ በር ላይ ቆማለች፤ ለማን እንዳመጣችው አላውቅም፣ ማንም አልበላም። ማርቆስ በሁለት ፖሊሶች መሀል ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያያል። ሽማግሌው የሚናገሩት ለእርሱ ይሁን በእርሱ ላይ አያውቅም። ጠበቃው ቀደም ብሎ ሊጠይቃቸው ቢሞክር «ለዳኛ እንጂ ለአንተ አልናገርም» ብለውታል።

አቶ ደግፌ ጠዋት ለአስቸኳይ ሥራ ዱራሜ ሄደዋል። እኔ ከችሎቱ አዳራሽ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል፣ ራውተሩ አጠገብ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። በሩ ክፍት ስለሆነ ስክሪኑም አዛውንቱም ይታዩኛል። አጀማመሩ ደህና ነበር። ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ሰብሳቢው ዳኛ «የሚያውቁትን ይናገሩ» አሉ።

ያኔ ዝናቡ ወረደ።

የሆሳዕና የሐምሌ ዝናብ መጣሁ ብሎ አይመጣም። ቆርቆሮው ሲንኳኳ አስተርጓሚው ድምፁን ከፍ አደረገ። አባባ ሀንዲሶ ቃላቸውን እንደ ዘር እየመረጡ በሀዲይሳ ይናገራሉ፤ አፌን የፈታሁበት ስለሆነ እኔም እሰማቸዋለሁ። አስተርጓሚው ተከተለ፦ «እሳቱን ያስነሳው ማርቆስ ነው ይላሉ። የሚሉት ሰዎች ግን እዚያ አልነበሩም። እኔ ነበርኩ። እሳቱ የተነሳው ከራሴ ምድጃ ነው።»

ስክሪኑ ላይ የዳኛው ፊት ተሰባበረ። ከዚያ ድምፃቸው እየተንጠባጠበ መጣ።

«ምስክሩ... እሳቱን ያስነሳው ማርቆስ ነው ብለዋል። የቀረው... አልተሰማም። እንደዚሁ ይመዝገብ?»

በየነች አማርኛ በደንብ አትሰማም፤ የባሏን ስም ግን ሰማች። ጠበቃው ተነስቶ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ እንደዚያ አላሉም» አለ። እዚያ ማዶ አልደረሰም። ዳኛው ደግመው መጡ፦ «መስመሩ አሁን ካልተስተካከለ... ያለውን ይዘን... ከዕረፍት በኋላ...»

ላፕቶፔን አየሁ። የሦስተኛው መስመር የስሕተት ቆጣሪ ባየሁት ቁጥር ይጨምራል። የኬብሉ መገጣጠሚያ ውስጥ ውኃ ገብቷል ማለት ነው። ሌሎቹ ደህና ናቸው፤ የታመመውን እየጠበቁ ግን አብረው ይንገዳገዳሉ። ዱራሜ ደወልኩ።

«ሦስተኛውን ልዘጋው ነው» አልኳቸው አቶ ደግፌን።

«ችሎቱ አልቋል?»

«አላለቀም።»

«እንግዲያው አትንኪው። በሥራ ላይ እያለ ስትነኪው አራቱም አብረው ሊወርዱ ይችላሉ። ዳኞቹ ተነስተው ከሄዱ እስከ ጥቅምት አይመለሱም።»

«ካልነካሁትም ሰውየው ያላሉት ሊመዘገብ ነው» አልኩና የሆነውን ነገርኳቸው።

በስልኩ ውስጥ የዱራሜ ዝናብም ይሰማኝ ነበር። «የታመመው ሦስተኛው ለመሆኑ እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ።

«እርግጠኛ ነኝ።»

«ማሽኑ ከዜሮ ነው የሚቆጥረው። አንቺ ሦስት ያልሽው ለእርሱ ሁለት ነው፤ ጤነኛውን እንዳትዘጊ። የለወጥሽውንም ሴቭ አታድርጊ። ከተበላሸ አጥፍተሽ ስታበሪው እንደነበረው ይመለሳል።» ከዚያ «በይ፣ እግዚአብሔር ይርዳሽ» ብለው ዘጉት።

ቁጥሩን ጻፍኩ፣ አጠፋሁት፣ እንደገና ጻፍኩት። ጎንበስ ብዬ ኬብሉን በእጄ እየተከተልኩ ምልክቱን አየሁ። ከዚያ እንዲዘጋ አዘዝኩ።

ስክሪኑ ጠቆረ።

እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ያሰብኩት ማርቆስን አልነበረም። ከሥራ ስባረር እናቴ ምን እንደምትል ነው ያሰብኩት። በየነች ወደ እኔ ክፍል ዞራ አፍጥጣ ታየኝ ጀመር፤ ነገሩ እኔ ዘንድ መሆኑን እንዴት እንዳወቀች እንጃ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ የጠረጴዛ ጫፍ መጣ፣ ቀጥሎ የዳኛው እጅ። እጁ ተንቀሳቀሰ። «ሆሳዕና፣ ይሰማችኋል?» አሉ፤ ድምፃቸው አጠገቤ ያሉ ያህል ጠራ።

እፎይ ለማለት ጊዜ አላገኘሁም። ዳኛው «ምስክሩ ቃላቸውን ከመጀመሪያው ይድገሙልን» ሲሉ አባባ ሀንዲሶ ፊታቸውን አዞሩ። አልደግምም አሉ። አስተርጓሚው ለመናቸው።

«እኔ ቃሌን ሰጥቻለሁ» አሉ። «ሽማግሌ ሁለቴ የሚጠየቀው ውሸታም ሲሆን ነው። ካላመኑኝ ወደ ቤቴ መልሱኝ።»

ብርድ ልብሳቸውን ሰብስበው ተሸካሚዎቻቸውን በዓይን ይፈልጉ ጀመር። ጠበቃው እየተጣደፈ እኔ ወዳለሁበት መጣ። «አንቺ ቋንቋቸውንም መስመሩንም ታውቂያለሽ። ምን እንደተፈጠረ ንገሪያቸው» አለኝና ዳኛውን አስፈቀደልኝ። ዳኛው «ስለ መሣሪያው ብቻ» አሉ።

ሄጄ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። ገና ሳልናገር «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። አያቴን ያውቁት ኖሯል፤ ፊታቸው ትንሽ ረገበ።

«አባባ፣ ቃልዎን የተጠራጠረ የለም» አልኳቸው በሀዲይሳ። «መንገድ ላይ ነው የወደቀው። ዛሬ ጠዋት እርስዎን በቃሬዛ የተሸከሙት ስንት ነበሩ?»

«አራት።»

«ቃልዎንም የተሸከሙት አራት ናቸው። አንዱን ጭቃ አዳለጠውና ሌሎቹን አንገዳገዳቸው። ግማሹ ብቻ ነው የደረሰው። እዚያ ያሉት የሰሙት እሳቱን ማርቆስ አስነሳ የሚለውን ነው።»

አፈጠጡብኝ። «እኔ እንደዚያ አልኩ?»

«አላሉም። እኔ ሰምቻለሁ።»

«ያዳለጠውስ የት ሄደ?»

«ወደ ቤቱ ሰደድኩት። ሦስቱ ይችላሉ።»

ስክሪኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ቀና ብለው ተቀመጡና ማንም ሳይጠይቃቸው ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ማርቆስን እንደማይወዱት ተናገሩ። ድንበሬን ገፍቷል፣ ይህን ዛሬም እላለሁ አሉ። ያን ዕለት ግን ነፋስ ከራሳቸው ምድጃ ፍሙን ወደ ሣሩ ወሰደው። ጩኸታቸውን ሰምቶ መጀመሪያ የደረሰው፣ አጥሩን ጥሶ የገባው ማርቆስ ነው። ገና አፏን ያልፈታችውን የልጃቸውን ልጅ በጋቢ ጠቅልሎ አወጣና እንሰቱ ሥር አስቀመጣት፤ ሌላ ሰው ልጠራ ብሎ ሲሮጥ ነው ጎረቤት ያየው። ሰው ሁሉ ልጅቷን ያወጣት አያቷ መስሎት ቀረ። «የማልወደውን ሰው ባልሠራው አሳስሬ አልሞትም» አሉ። አስተርጓሚው ይህን ቃል በቃል ተረጎመ። ከሐዋሳ «አልተሰማም» የሚል አልመጣም። ማርቆስ ጭንቅላቱን ጉልበቱ ላይ ደፍቶ ነበር፤ ከፖሊሶቹ አንዱ እጁን ጀርባው ላይ አሳረፈ።

ውሳኔው የተሰማው ፍርድ ቤቱ ከዕረፍት ሲመለስ ነው። ማርቆስ በነጻ ተለቀቀ። አቶ ደግፌ በማግሥቱ ከዱራሜ ሲመጡ ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ራውተሩን አዩና «ሁለት ቁጥርን ነው የዘጋሽው?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። «ጥሩ» አሉና የኬብሉን መገጣጠሚያ ልንከፍት ወጣን።

ሰው የፈራውን ሁሉ አሳፍረው አባባ ሀንዲሶ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ከማርቆስ ጋርም በድንበሩ እስከ መጨረሻው ተሟገቱ። አንድ ጊዜ ለሥራ ሀቢቾ ስሄድ በየነች ይዛኝ ገብታ ቅቤው የሚፈስ አተካና፣ የሀዲያን የቡላ ምግብ፣ አበላችኝ። እየበላሁ ከአጥሩ ማዶ አዛውንቱ የማርቆስን ላም ሲራገሙ ሰማሁ። ማርቆስ ሳቀ። እኔም እንደዚያ ቀን ምግብ የጣፈጠኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

አሁን ልጅ ሁሉ በኪሱ የሚይዘው ስልክ ከእነዚያ አራት መስመሮች የበለጠ ይሸከማል። ያን ከሰዓት ሳስበው ግን የሚያስፈራኝ የጠቆረው ስክሪን አይደለም። ጨርሶ ያልተሰማ ነገር ሰው ይጠይቅበታል። የሚያስፈራኝ ያ ግማሽ ንግግር ሙሉ መምሰሉ ነው፤ ስም ነበረው፣ ማሰሪያ አንቀጽ ነበረው፣ ለሰሚው ምንም የጎደለው አይመስልም። ልጄ ከአዲስ አበባ ስትደውልልኝ ድምጿ ከተቆራረጠ «ገባኝ» ብዬ አላልፍም፤ ድገሚልኝ እላታለሁ። «እማዬ፣ ዋናውን ሰምተሻል እኮ» ትለኛለች። «ሰምቼ ይሆናል» እላታለሁ። «ቢሆንም ድገሚልኝ።»