ባዶ ነው ያልኩት ሲዲ

ይህን ነገር ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ «ዋሽቻለሁ» ብያቸው ነበር፤ እሳቸውም እንደማንኛውም ውሸት ቆጥረው ስግደት አዘዙልኝ። ሰገድኩ። ምን ብዬ እንደዋሸሁ፣ ማንን እንደዋሸሁ ግን ከአፌ አልወጣም። እንግዲህ የማታውቀኝ አንባቢ ሆይ፣ አንተ ስማኝ።

ጊዜው ሚሌኒየሙን ካከበርን በኋላ ነው። ራቤል በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ለትምህርት ቤታችን ኮምፒውተሮች በእርዳታ ሲመጡ፣ አጭር ሥልጠና ወስጄ ስለነበር ኃላፊ ተደረግኩ። የተጫነባቸው ሊኑክስ የሚባለው ነፃ ሥርዓት ነበር። ይጻፍበታል፣ ይሰላበታል፤ ዘፈንና ቪዲዮ ማጫወት ግን አብሮት አልመጣም። ለዚያ ኮዴክ የሚባል ነገር ከኢንተርኔት አውርዶ ለብቻው መጫን ያስፈልጋል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር፤ ኢንተርኔትም ራቤል አልደረሰም። ሰዉ ግን «ሊቁ» ይለኝ ጀመር። አልዋሽህም፣ ስሙ ጣመኝ።

እትዬ አስካለ ሲዲውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የመጡት በዚህ መሀል ነው። አንድያ ልጃቸው ጌታነህ አዲስ አበባ ሆስፒታል ሞቶ መርዶው ከደረሳቸው ሰንብቷል። ያስታመመው ጓደኛው፣ ጌታነህን በሕይወት ሳለ በስልክ የቀረጸውን ቪዲዮ ሲዲ ላይ አስገልብጦ በአውቶቡስ ሰው ልኮላቸው ነበር። የቪዲዮ ቤቱ ማጫወቻ እምቢ ስላለ ወደ እኔ ላኳቸው።

የሚያብሰለስላቸውን አገር ያውቀዋል። ልጁ እርሻውን ጥሎ ሲሄድ ተናደው «በሄድክበት ቅር!» ብለውት ነበር። እንዳሉትም በሄደበት ቀረ።

«ተቀይሞኝ እንደሁ ከራሱ አፍ ልስማው ልጄ» አሉኝ።

ሲዲውን ከተትኩት። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ድምፅ የለም። የሆነ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ አለ፤ በወጉ ሳላነበው ዘጋሁት። ሁለት መምህራን በር ላይ ቆመው ያዩኛል። አላውቅም ማለት ምን ነበረበት? ምን ይጎድልብኝ ነበር? እኔ ግን ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ «ባዶ ነው እትዬ፤ ምንም የለበትም» አልኩ።

በእኛ አገር የተቀየመ ሰው አይሳደብም። ሰላምታ ይነሳል፣ አፉን ይዘጋል፤ ዝምታው ራሱ መልስ ነው። እትዬ አስካለም መልሱን ያገኙ መሰላቸው። አላለቀሱም።

«ዝም አለኝ? ከነቂሙ ነዋ የሄደው!» አሉ። ከዚያ «ባዶ ከሆነማ ምን ያደርግልኛል» ብለው ሲዲውን ጠረጴዛዬ ላይ ትተው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ መቁረብ ተዉ። ልጇ ቂም ይዞባት የሞተ እናት በምን አፏ ትቀበላለች አሉ አሉ። ቄሶቹ ቢለምኗቸው፣ ዘመድ ቢመክራቸው እምቢ አሉ። ቅዳሴውን ከቅጥሩ ውጭ ቆመው ያስቀድሱ ጀመር። በዚያ ሳልፍ አያቸው ነበር፤ ያኔ እንኳ እኔ ነኝ ያደረግኩት ብዬ አላሰብኩም።

የወላጆች ቀን ሲቃረብ ርዕሰ መምህሩ ኮምፒውተሩ ዘፈን እንዲያጫውት ፈለገ። ደብረ ብርሃን ሄጄ ኢንተርኔት ቤት ተቀመጥኩ፤ ጠይቄም አንብቤም ኮዴኩን በፍላሽ ይዤ ተመለስኩ። ስጭነው ሌላ ፋይል ይጎድላል አለኝ፤ እንደገና ያን መንገድ። በስንት መከራ ተጫነ። የምሞክርበት ነገር ፍለጋ መሳቢያዬን ስስብ እጄ የገባው ያ ሲዲ ነው።

ጌታነህ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ከስቷል። «እማዬ» አለ፣ «በሄድክበት ቅር ያልሽኝን ልብ እንዳትይው። እናት ተናዳ ምን የማትለው አለ? እኔ እንደሁ አውቶቡሱ ሳይነሳ ነው የተውኩት። አንቺ ብቻ መርቂኝ።» ሳል አቋረጠው፤ በሳሉ መሀል ሳቀ።

ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። መጀመሪያ ምን ተሰማኝ መሰለህ? ደስታ። ኮዴኩ ሠራ ብዬ ተደሰትኩ! የሰማሁት ነገር የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ቤታቸው ቅርብ ነበር፤ ወዲያው ሮጬ ልነግራቸው እችል ነበር። ነገ አልኩ። የወላጆች ቀን ይለፍ አልኩ። እውነቱ ግን፣ ሊቁ ሲዲ መክፈት አቅቶት ሴትዮዋን ከቁርባን አስቀራት መባሉን ፈርቼ ነው። ለዚህ ብቻ! ከዚህ የሚከብድ ምክንያት ባገኝ ለራሴም ደስ ባለኝ፤ የለኝም።

አንድ እሑድ እትዬ አስካለ ከቅጥሩ ውጭ አስቆሙኝ። «እንደው ያን ጊዜ ደህና አድርገህ አይተኸዋል ልጄ? ጥቂት ድምፅ እንኳ አልነበረበትም?»

በፊት የተናገርኩት ሳላውቅ ነበር። ይህን ግን አውቄ ነው። ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ እያለ፣ ፊታቸውን እያየሁ፣ «ደህና አድርጌ አይቼዋለሁ እትዬ። ምንም የለበትም» አልኳቸው።

«ተው፣ አንተስ ደክመህልኛል፤ እግዜር ያክብርልኝ፣ ወልደህ ሳም» ብለው መረቁኝ። ልጃቸው የለመናቸውን ምርቃት እኔ ተቀብዬ ሄድኩ። በማግስቱ ሲዲውን ሰብሬ የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት።

እትዬ አስካለ በሚቀጥለው ክረምት ሳይቆርቡ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ከሰው ጋር ቆሜ ከንፈሬን መጠጥኩ። ዛሬ ሚስትም ልጆችም አሉኝ፤ እሳቸው እንደመረቁኝ ወልጄ ስሜአለሁ። ግን ቤት ሙሉ ሰው መሀል ተቀምጬ ብቻዬን ነኝ፤ ሚስቴና ልጆቼ የማያውቁት ሰው እኔ ውስጥ «እማዬ» እያለ ይጣራል፣ አቤት የሚለው የለም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅር ማለት የሚችሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እሳቸውም ይቅርታ ሲጠብቁ ነው የሞቱት፤ ይቅርታው መጥቶላቸው ነበር፣ እኔ ጋ ደርሶ ቀረ።